ጸጋ ምንድን ነው?

ጸጋ የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። «የተፈጥሮ ጸጋ» ስንል ሀብት ማለታችን ነው። አንዷ ስትዘምር ልባችን ከተነካ «ጸጋ አላት» እንላለን። የተሸነፈ ሰው ሳያኮርፍ ሲቀር ደግሞ «ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበለ» ይባላል። በክርስትና እምነት ግን ቃሉ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። ሰው ሳይሠራበትና ሳይገባው፣ እግዚአብሔር ስለወደደው ብቻ የሚሰጠው ነገር ጸጋ ይባላል። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ቃሉ «ካሪስ» ነው። ደስታ ከሚለው «ካራ» ጋር ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው።

ጳውሎስ ነገሩን ያስረዳው በደመወዝ ነው። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ፣ ለሠራ ሰው ደመወዙ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም ይላል። እውነት ነው። ወር ደርሶ ደመወዙን የተቀበለ ሰው አሠሪው ውለታ ዋለልኝ አይልም። ሠርቶበታላ! ምዕራፍ 6 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው፤ የዘላለም ሕይወት ግን የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ነው። ሞትን ደመወዝ ካለ በኋላ ሕይወትንም ደመወዝ ሊለው ይችል ነበር። አላለውም።

ለእኔ ጸጋን ከሁሉ በላይ ግልጽ የሚያደርግልኝ ግን የጠፋው ልጅ ታሪክ ነው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 15። ታናሹ ልጅ አባቱ በሕይወት እያለ ድርሻውን ወስዶ ሄደ፤ ገንዘቡን በተነ፤ እሪያ ጠባቂ ሆነ። ሲርበው ወደ ቤት ለመመለስ ወሰነና የሚናገረውን አዘጋጀ። ንግግሩ ሦስት ነገር አለው፦ በድያለሁ፤ ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከቅጥር ሠራተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ልጅነቱ ስለቀረ በደመወዝ ሊገባ ነው።

አባትየው ገና ከሩቅ አየው። ሮጠ፣ አንገቱን አቀፈው፣ ሳመው። እስከዚህ ድረስ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ያጠናውን ጀመረ፦ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም... ሦስተኛዋ ላይ ሳይደርስ አባትየው ወደ አገልጋዮቹ ዞሮ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አድርጉለት፣ ጫማ ስጡት፣ የሰባውን ፍሪዳ እረዱ አለ። የቅጥሩ ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ። ደጋግሜ ሳነብ ቆይቼ ነው ይህን ያስተዋልኩት።

ይቅርታው ከንስሐው በፊት መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። ጳውሎስም ክርስቶስ የሞተልን «ገና ኃጢአተኞች ሳለን» ነው ይላል። ከታረምን በኋላ አላለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ነጻ ከሆነ እንዳሻን ብንኖርስ? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ጳውሎስ ራሱ አንሥቶታል፦ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑር? መልሱ አጭር ነው፤ በፍጹም። የኤፌሶን መልእክትም መዳን በጸጋ እንጂ ከሥራ አይደለም ካለ በኋላ፣ በሚቀጥለው ቁጥር ላይ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ያዕቆብ ደግሞ ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ብሎ ያጠነክረዋል። አባቱ ያቀፈው ልጅ ተመልሶ እሪያ ወደሚጠብቅበት ቦታ ቢሄድ፣ እቅፉ አልገባውም ማለት ነው።

ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። በ5ኛው መቶ ዘመን ፔላጊዮስ የተባለ መምህር፣ ሰው በራሱ ፈቃድና ጥረት ትእዛዙን መፈጸም ይችላል ሲል፣ በሰሜን አፍሪካ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ያለ ጸጋ አይሆንም ብሎ ተቃወመው። በ418 እ.ኤ.አ. የካርቴጅ ጉባኤ የፔላጊዮስን ትምህርት አወገዘ። በ16ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው መነኩሴ ማርቲን ሉተር «በጸጋ ብቻ» ብሎ ሲነሣ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ተከፈለ። ሉተራውያንና ካቶሊኮች በጽድቅ ትምህርት፣ ማለትም ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይጸድቃል በሚለው ላይ የጋራ መግለጫ የፈረሙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው! ኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ጸጋ እንደ ጥምቀትና ቁርባን ባሉ ምሥጢራት እንደሚሰጥና የሰው ፈቃድም ከጸጋው ጋር አብሮ እንደሚሠራ ያስተምራሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግን መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እግዚአብሔር ነው በሚለው አይጣሉም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ ታላቁን ልጅ ረስተነዋል። ከእርሻ ሲመለስ ዘፈን ሰማ፤ ምክንያቱን ሲያውቅ አልገባም አለ። ንግግሩን ስሙት፦ ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ አገለገልሁህ፣ ለእኔ ግን አንድ ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም። ያልተከፈለው የጉልበት ሠራተኛ ይመስላል። ታናሹ በደመወዝ ሊገባ ፈልጎ ነበር፤ ታላቁ ደግሞ ቤት ውስጥ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ ሲይዝ ኖሯል። ያስቃል፤ ያሳዝናልም። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴን የማገኘው በእሱ ውስጥ ነው። ሰው ስጦታ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ «በምን እመልሳለሁ?» የሚል ሐሳብ ነው፤ ሳልለፋ ያገኘ ሰው ሳይ ደግሞ ይከነክነኛል።

ታላቁ ልጅ ታናሹን «ይህ ልጅህ» ብሎ ነው የጠራው፤ ወንድሜ ማለት ከብዶታል። አባትየው ሲመልስለት «ይህ ወንድምህ» አለው። ገብቶ ይሁን ውጭ ቀርቶ ሉቃስ አይነግረንም። የሚነግረን አባትየው ለእሱም ከቤት ወጥቶ ሲለምነው እንደነበር ነው።