ለብቻ ለሚጀምር ሰው የትኛዋ ባለሸራ ጀልባ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ዋሽንግተን በወንዙ ዳር ስትነዱ፣ በሰመር ቅዳሜ ፖቶማክ ላይ ነጫጭ ሸራዎች ይታያሉ። እኔም ለዓመታት ከመኪና መስኮት ሳያቸው ኖሬ በመጨረሻ አንዷ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው አበሾች ስለ ጀልባ ይጠይቁኛል። ባለፈው የጸደይ ወቅት አንድ ወዳጄ ደወለ። «22 ጫማ የሆነች ጀልባ በርካሽ አግኝቻለሁ። አልጋ አላት፣ ማብሰያ አላት። ብቻዬን ልማርባት ነው። ልግዛ?» አለኝ። አትግዛ አልኩት። ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብን። እሱ ያነሳቸውን ነገሮች ብዙ ሰው ስለሚያነሳቸው፣ ያልኩትን እዚህም ልጻፈው።

«ትልቋ ደህና ናት፤ ትንሿ አደገኛ ናት»

ሰው ይህንን የሚያምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ ባለሸራ ጀልባ ከሆዷ በታች ኪል የሚባል ከባድ ብረት ወይም እርሳስ አላት። ስለዚህ በቀላሉ አትገለበጥም። ትንሿ ግን ትገለበጣለች። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ብቻችሁን ስትሆኑ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ካታሊና 22 የምትባለውን የታወቀች ጀልባ እንውሰድ። ክብደቷ ከ1000 ኪሎ በላይ ነው። ነፋስ ከጎን እየገፋት ወደ ማቆሚያዋ ስትገባ፣ አንድ ሰው መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ገመድ ይዞ ይወርዳል። እናንተ ጋ ሁለተኛ ሰው የለም። አንድ ቶን የሚመዝን ነገር ደግሞ በእጅ ተገፍቶ አይቆምም። በጀልባዋና በማቆሚያው መሃል እጅ ወይም እግር ከገባ አጥንት ይሰበራል።

ነፋሱም አለ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ10 ኖት (ኖት በባሕር ላይ የፍጥነት መለኪያ ነው) ስትታዘዝ የነበረች ትልቅ ሸራ በ20 ኖት ከአንድ ጀማሪ ጉልበት በላይ ናት።

ለእኔ ከዚህም የሚበልጠው የትምህርቱ ነገር ነው። ትልቅ ጀልባ ስህተታችሁን ትደብቃለች። ሸራውን ያለ አግባብ ብታጠብቁት ትንሽ ትዘገያለች እንጂ ምንም አትላችሁም። ትንሿ ወዲያው ትናገራለች። ታዘነብላለች፣ ትቆማለች፣ ገመዱ እጃችሁ ላይ ይከብዳል። ሰውነታችሁን ግማሽ ሜትር ብታንቀሳቅሱ እንኳ ይታወቃታል። በትንሿ አንድ ወር የተማረ ሰው፣ በትልቋ አንድ ዓመት ከቆየው ይልቅ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ቶሎ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለወዳጄ የሰጠሁት መለኪያ ይህ ነው። ብቻህን ወደ ውሃ ታወርዳታለህ? ብትገለበጥ ብቻህን ትመልሳታለህ? ብቻህን ከውሃ ታወጣታለህ? ከሦስቱ አንዱን ካልቻልክ፣ የመጀመሪያ ጀልባህ እሷ አይደለችም።

«ከተገለበጠች አለቀ»

አላለቀም። በትንሽ ጀልባ መገልበጥ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ጀልባዋ በጎኗ ትተኛለች፣ ሸራው ውሃው ላይ ይነጠፋል። መጀመሪያ የሸራውን ገመድ ትለቃላችሁ። ከዚያ በሆዷ በኩል ትዞራላችሁ። ከሆዷ መሃል ወደ ውጭ የወጣ ሳንቃ አለ። እሱ ላይ ትቆማላችሁ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ትይዛላችሁ፣ ወደ ኋላ ትንጠለጠላላችሁ። የሰውነታችሁ ክብደት ምሰሶውን ቀስ እያለ ከውሃው ያነሳዋል። አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ቢዞር ይመረጣል። አለዚያ ነፋሱ ከሸራው ስር ገብቶ መልሶ በሌላው ጎን ይጥላታል። እኔ ላይ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። በሦስተኛው ሙከራ ቀናኝ፤ ያን ቀን ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

እዚህ ላይ ለመራጭ የሚጠቅም ነገር አለ። እንደ ሰንፊሽና ሌዘር ያሉ ጀልባዎች ላያቸው የተዘጋ ነው፤ የመቀመጫው ጉድጓድ ትንሽ ነው። ቀና ካሉ በኋላ የገባው ውሃ በቀዳዳ በራሱ ይወጣል። ላያቸው ክፍት የሆኑት ግን ሲቃኑ ውሃ ሞልተው ነው። እየጨለፋችሁ ማፍሰስ ሊኖርባችሁ ነው። ብቻውን ለሚሆን ሰው የተዘጋችውን እመርጣለሁ።

እውነተኛው አደጋ መገልበጡ ሳይሆን ቅዝቃዜው ነው። በሚያዝያ ፀሐዩ ይሞቃል፣ ወንዙ ግን ገና በረዶ ነው። አሠልጣኞች 1፣ 10፣ 1 የሚሉት ነገር አለ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትወድቁ ትንፋሻችሁን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግራችሁ ሳይደነዝዝ ለመሥራት 10 ደቂቃ ያህል፣ ከቅዝቃዜው የተነሳ ራስን እስከ መሳት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አላችሁ። ስለዚህ የምትለብሱት ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው። ምንም ቢሆን ደግሞ ጀልባዋን ትታችሁ ወደ ዳር አትዋኙ። የተገለበጠች ጀልባ ከሩቅ ትታያለች፤ የዋናተኛ ራስ አይታይም።

«ሌዘር የኦሊምፒክ ጀልባ ስለሆነች ምርጧ እሷ ናት»

ሌዘርን እወዳታለሁ። ብሩስ ከርቢ የሚባል ካናዳዊ ነው ንድፏን ያወጣው። አሁን በይፋ ኢልካ ትባላለች። ከ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ጀምሮ ይወዳደሩባታል። ከ200,000 በላይ ተሠርታለች። 4.2 ሜትር ርዝመት፣ 59 ኪሎ ገደማ ክብደት ነው ያላት።

ስህተቱ «ሌዘር» ብሎ አንድ ነገር ብቻ ማሰቡ ነው። አካሏ አንድ ቢሆንም ሸራዋ ሦስት ዓይነት ነው፦ 4.7፣ 5.7 እና 7 ካሬ ሜትር ገደማ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ትልቁ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ ትልቁን ሸራ ይዞ ቢወጣ ቀኑን ሲገለበጥ ይውላል፤ ጥፋቱም የራሱ ይመስለዋል። ጥፋቱ የሸራው ልክ ነው። ደስ የሚለው፣ አካሏን ሳትቀይሩ የምሰሶውን የታችኛውን ክፍልና ሸራውን ብቻ መለወጥ ትችላላችሁ።

ሰንፊሽ ይበልጥ ታጋሽ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ነው የተሠራችው። ሸራዋ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በሁለት ዘንግ የተወጠረ ነው፤ ከድሮዎቹ የቀይ ባሕር ጀልባዎች ሸራ ጋር ዝምድና አለው። ለመገጣጠም ሩብ ሰዓት ይበቃል። ክብደቷ ከሌዘር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ፍጥነት የሚፈልግ ይሰለቻት ይሆናል። ለመጀመሪያ ዓመት ግን እኔ እሷን ነው የምለው። አርኤስ ኤሮ የምትባለው አዲስ ጀልባ 30 ኪሎ ብቻ ናት። ወገባችሁን ለሚያማችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋዋ ግን ይከብዳል።

«ብዙ ሸራ ካላት ብዙ እማራለሁ»

አይሆንም። ሁለት እጅ ነው ያላችሁ። አንዱ መሪ፣ አንዱ ገመድ። አንድ ሸራ ይበቃል።

«የሚንሳፈፍ ነገር ላይ ሸራ ከተተከለ ይሄዳል»

በአየር የሚነፋ ካያክ ላይ የሚገጠም ርካሽ ሸራ በየመደብሩ አለ። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ይሄዳል፤ እውነት ነው። መመለሱ ነው ችግሩ። የጣናን ታንኳ አስቡ። ከደንገል የተሠራ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር የሚገባው በመቅዘፊያ ነው። በጎኑ የሚመጣ ነፋስ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ውሃው ውስጥ ጠልቆ የሚይዘው ነገር የለውማ። ባለሸራ ጀልባ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ በዚግዛግ መውጣት የምትችለው ያ ከሆዷ የሚወርደው ሳንቃ ወደ ጎን መንሸራተትን ስለሚከለክል ነው። እንዲህ ዓይነት ሳንቃና ደህና መሪ የሌላትን አትግዙ። ነፋሱ የወሰዳችሁ ቦታ ላይ ትቀራላችሁ።

«አሮጌና ርካሽ ከሆነች ምን እከስራለሁ?»

አሮጌ ጀልባ ጥሩ ነው። የእኔም አሮጌ ናት። ግን እያያችሁ ግዙ።

የአሮጌ ሰንፊሽ ዋናው በሽታ ውሃ መጠጣት ነው። በውስጧ ለመንሳፈፊያ የተቀመጠው ፎም በዓመታት ውስጥ ውሃ ይመጥጣል፤ ከውጭ ግን አይታይም። ስለዚህ መዝኗት። ሁለት የሰው ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አድርጉና ደምሩት። 60 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። 80 ከሆነ ተሰናበቱ። ሻጩ ቅር ቢለው ይለው።

በሌዘር ደግሞ ምሰሶው የሚቆምበትን ጉድጓድ ተመልከቱ። ውሃ ሙሉበትና ጠብቁ። ውሃው ዝቅ ካለ ከስር ተሰንጥቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነፋስ በበረታበት ቀን ከነምሰሶው ሊፈነቀል ይችላል። ላይዋን በመዳፍ ተጫኑት፤ የሚሰምጥና የሚለሰልስ ቦታ ካለ አካሏ የተሠራበት ፋይበርግላስ ተላቋል። ያረጀ ሸራ ግን አያስፈራችሁ፣ ለመማሪያ ይሆናል። ጀልባዋ የምትጫንበትን ተሳቢ ጎማና ወረቀቱንም እዩ። እኔ አንድ ጊዜ ጀልባዋን ብቻ አይቼ፣ ተሳቢው ወረቀት እንደሌለው ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

«ዋና ስለምችል ላይፍ ጃኬት አያስፈልገኝም»

የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት፣ በጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሚሞቱት 10 ሰዎች ከ8ቱ በላይ ላይፍ ጃኬት አልለበሱም። የሸራው ዘንግ ጭንቅላታችሁን ከመታ ዋና መቻል አይረዳም። ባለ ፎሙን ልበሱ። ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋው ዓይነት፣ በተገለበጣችሁ ቁጥር ስለሚነፋ ጀልባዋ ላይ መልሶ ለመውጣት ያስቸግራል።

«ለመማር መጀመሪያ ጀልባ መግዛት አለብኝ»

መጀመሪያ ተከራዩ። ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የሁለት ቀን ኮርስ ብዙ ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ተከራይታችሁ ሞክሩ። ከ5 እስከ 10 ኖት ያለው ነፋስ ለጀማሪ ይበቃል። ሰዓቱንም ምረጡ። ፖቶማክ ላይ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ፣ ኪኔሬት (የገሊላ ባሕር) በሰመር ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ነፋስ እንደሚናወጥ ታውቃላችሁ። ጠዋት ውጡ።

ወዳጄ ባለ 22 ጫማዋን ተወ። ኮርሱን ሰኔ ላይ ጨረሰ። አሁን ሰንፊሽ እየፈለገ ነው። ሁለት አይቶ ሁለቱንም መልሷል፤ አንደኛዋ 78 ኪሎ ሆና። የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን አሁንም መኪናው ኋላ ላይ ነው። ለሦስተኛዋ እሑድ አብረን እንሄዳለን።