«መጽሐፉን አበላሹት» ለሚሉ፦ ስለ «ዴካሜሮን» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኔትፍሊክስ በሐምሌ 2024 «ዴካሜሮን» የተባለ ባለ 8 ክፍል ተከታታይ አወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘመኑ 1348 ነው። ፍሎረንስ በቸነፈር እየረገፈች ጥቂት ባለጠጎች ከነአሽከሮቻቸው «ቪላ ሳንታ» ወደሚባል የገጠር ቤት ይሸሻሉ። የጋበዛቸው ጌታ ሞቷል፤ የቤቱ አዛዥ ግን ሞቱን ደብቆ ግብዣውን ያስቀጥላል። ካትሊን ጆርዳን የፈጠረችው ስላቅ ነው። መነሻው ጆቫኒ ቦካቺዮ ከቸነፈሩ ማግስት የጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ሰባት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ከከተማ ወጥተው በዐሥር ቀን መቶ ተረት የሚያወሩበት።

ካየው ሰው አፍ የሚወጣው አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፤ «ደስ ይላል፣ ግን መጽሐፉን አበላሹት»። የትኛውን ገጽ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለም። ወደዚያ እንደርሳለን፤ መጀመሪያ ጥቃቅኖቹን እናራግፍ።

«ጣሊያኖች ሆነው በአይሪሽ ቅላጼ ያወራሉ።» በ1348 ፍሎረንስ የሚነገረው ቶስካንኛ ነበር። የለንደን እንግሊዝኛ ከአየርላንዱ ይልቅ ለቶስካንኛ የሚቀርብበት ምንም ምክንያት የለም።

«የቸነፈር ሐኪም ማለት ምንቃር ያለው ጭምብል የሚያጠልቀው ነው።» በ1348 አልነበረም። ምንቃሩ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ልብስ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ሥዕልም የ1656ቱን የሮም ቸነፈር ተከትሎ የወጣ ነው። በ1348 በተቀመጠ ድራማ ውስጥ ምንቃር ማየት ነው ስህተቱ፤ ማጣቱ አይደለም።

«ያኔ ጣሊያን ውስጥ ነጭ ብቻ ነበር።» ፍሎረንስ የባንክና የንግድ ከተማ ነበረች። ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 ለጉባኤ ገብተውባታል። ከዚያም በላይ ተዋናይ የሚመረጠው ለሥራው እንጂ ለሕዝብ ቆጠራ አይደለም።

«ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።» ይታወቃል፤ በተናጠል ስትይዟቸው ነው የሚያምታቱት። በጥንድ ያዟቸው። ፓምፒኒያ የሟቹ ጌታ እጮኛ፣ ሚሲያ ደንገጡሯ። ፊሎሜና የትልቅ ሰው ልጅ፣ ሊቺስካ ገረዷ፤ መንገድ ላይ እመቤቷን ከድልድይ ገፍትራ በስሟ ቪላው የምትገባው እሷ ናት። ቲንዳሮ ያልታመመውን በሽታ የሚያስታምም ሀብታም፣ ዲዮኒዮ የግል ሐኪሙ። ፓንፊሎና ኔይፊሌ ባልና ሚስት። ሲሪስኮ የቤቱ አዛዥ፣ ስትራቲሊያ ወጥ ቤቷ። አምስት ጥንድ፣ ዐሥር ሰው። ቁጠሯቸው፤ አምስቱ ጌቶች፣ አምስቱ ተቀጣሪዎች ናቸው። ይህን በወረቀት ላይ ጽፎ አንደኛውን ክፍል የጀመረ ሰው ሦስተኛው ላይ አይጠፋም። በተለይ ሊቺስካ «ፊሎሜና» ተብላ ስትጠራ ግራ የሚጋባው ይህን ያልያዘ ነው።

«የአሽከሮቹን ነገር ከዘመናችን ፖለቲካ አምጥተው ለጠፉበት።» ወደ ዋናው መጣን። መጽሐፉ ተበላሸ የሚሉት ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፉት እዚህ ነው፤ ቦካቺዮ ስለ መኳንንት ጻፈ፣ ተከታታዩ ገረድና አሽከር አስገባበት። መልሱ ሩቅ አይደለም። የመጽሐፉ መግቢያ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፤ የመጀመሪያው ተረት ከመጀመሩ በፊት።

እዚያ ላይ ፓምፒኒያ የመጀመሪያዋ ቀን ንግሥት ትሆንና ገና ዙፋን ሳይሞቃት ሥራ ትደለድላለች። የዲዮኒዮ አሽከር ፓርሜኖ የቤቱ አዛዥ ይሆናል። የፓንፊሎ አሽከር ሲሪስኮ በእሱ ሥር ሆኖ ዕቃ ገዢና ገንዘብ ያዥ። የፊሎስትራቶ አሽከር ቲንዳሮ የሦስቱን ወንዶች እልፍኝ ይጠብቃል። የራሷ የፓምፒኒያ ገረድ ሚሲያና የፊሎሜና ገረድ ሊቺስካ ወጥ ቤት ይገባሉ። ኪሜራና ስትራቲሊያ የሴቶቹን ክፍል ያጸዳሉ። ሰባት ስም ከነሥራ ድርሻቸው፤ ቦካቺዮ ራሱ የጻፈው።

አሁን ከላይ ካሉት ጥንዶች ጋር አስተያዩት። በመጽሐፉ እልፍኝ ጠባቂ የነበረው ቲንዳሮ በተከታታዩ ጌታ ሆኗል። ጌታ የነበረው ዲዮኒዮ ደመወዝተኛ ሆኗል። ዕቃ ገዢው ሲሪስኮ አዛዥነቱን ወስዷል። የአዛዡ የፓርሜኖ ስም ደግሞ ፓርሜና ተብሎ፣ ሚሲያ በበርሜል ደብቃ ወደ ቪላው ለምታስገባት በሽተኛ ወዳጇ ተሰጥቷል። መጽሐፉን ያልከፈተ ሰው እንዲህ አድርጎ አያገለባብጥም። የጌታና የሎሌን ቦታ ሆን ብለው የለዋወጡት ከራሱ ከቦካቺዮ የስም ዝርዝር ላይ ነው፤ ቀልዱም እዚያ ነው ያለው። ሰሙ ቪላ ነው፣ ወርቁ ያ ዝርዝር።

ድልድሉ ሲያልቅ ፓምፒኒያ አንድ ትእዛዝ ታክላለች። አሽከሮቹ የትም ሄደው ምንም ቢያዩ፣ ምንም ቢሰሙ፣ ከውጭ ደስ የሚል ወሬ ካልሆነ በቀር እንዳያመጡ። ከተማው ውስጥ በየደጁ ሬሳ ተከምሮ! ቦካቺዮ በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር አልፏታል። ተከታታዩ 8 ክፍል ሠራባት። ሲሪስኮ የጌታውን ሞት የሚደብቀው ይህን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ስለፈጸመው ነው፤ እንግዶቹ የሚፈልጉት ክፉ ወሬ የሌለበት ቤት ስለሆነ ክፉ ወሬ የሌለበት ቤት ሰጣቸው።

አሽከር መናገር የጀመረውም በ2024 አይደለም። የስድስተኛውን ቀን መክፈቻ ያንብቡ። ጌቶቹ ተረት ሊጀምሩ ሲሉ ከወጥ ቤት ጩኸት ይሰማል፤ ሊቺስካና ቲንዳሮ ተጣልተዋል። ጠቡ አንዲት ጎረቤት ስታገባ ድንግል ነበረች ወይስ አልነበረችም በሚል ነው። ሊቺስካ በጌቶች ፊት ቆማ፣ ከጎረቤቶቿ መካከል ድንግል ሆና ባል ያገባች አንዲትም አላውቅም ትላለች። ወይዘሮዎቹ ጥርሳቸው እስኪረግፍ ይስቃሉ። የዕለቱ ንግሥት ኤሊሳ ዝም በይ ብትላት ስድስት ጊዜ አልሰማቻትም። ዳኛ የተደረገው ዲዮኒዮ ለሊቺስካ ፈረደላት። ተከታታዩ ውስጥ አፏን የማትይዘው ሊቺስካ ከዚህ ነው የመጣችው።

የዘመኑ ሁኔታም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ቦካቺዮ በመግቢያው እንደጻፈው በሽተኛ የሚያስታምም አሽከር ጠፍቶ ነበር፤ የተገኘውም ከልክ ያለፈ ደመወዝ ይቀበልና ሥራው ዕቃ ማቀበልና ሲሞቱ ማየት ነበር። የፍሎረንስ ታሪክ ጸሐፊው ማቴዎ ቪላኒ ከቸነፈሩ በኋላ ሲያማርር፣ የቤት ሥራ የማያውቁ ገረዶችና የፈረስ ቤት ልጆች በዓመት ቢያንስ 12 ፍሎሪን (የፍሎረንስ የወርቅ ገንዘብ)፣ ትዕቢተኞቹ ደግሞ 18 ወይም 24 ይጠይቃሉ ይላል። የሰው እጅ ሲያልቅ የእጅ ዋጋ ይወደዳል። ይህን ከዘመናችን ፖለቲካ አምጥቶ ለጠፈ ከተባለ ተከሳሹ ማቴዎ ቪላኒ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሞተ 600 ዓመት አልፎታል።

«በር ዘግቶ የተቀመጠ ይድናል፤ ቪላው ውስጥ እንዴት ገባ?» ይህ ጥያቄ ኮቪድን እያሰቡ ቸነፈርን ማየት ነው። የቸነፈሩ ባክቴሪያ በዋናነት የሚጓዘው በአይጥ ቁንጫ ነው። ባክቴሪያው በቁንጫው የሆድ መግቢያ ላይ ተጋግሮ ይዘጋዋል። የመጠጠው ደም አላልፍ ሲለው ቁንጫው ይራባል፤ ሲራብ ደጋግሞ ይነክሳል፤ በነከሰ ቁጥር ያልወረደለትን ደም ከነባክቴሪያው ወደ ቁስሉ መልሶ ይተፋል። ቁንጫ ደግሞ በር አያንኳኳም። በልብስ፣ በእህል ጆንያ፣ በሻንጣ ይገባል። የመኳንንቱን ጓዝ ብዛት አይታችሁ ከሆነ መልሱን አይታችኋል። በመጽሐፉ ከዐሥሩ አንድም አለመታመሙ ነው የሚያስገርመው።

«እንዲህ ባንዴ አይገድልም» እና «የተያዘ ሁሉ ይሞታል።» ሁለቱም ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ይላል። ቁንጫ ከነከሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳት ይመጣል፤ ብሽሽት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ቦካቺዮ እንደ ዕንቁላል ወይም እንደ ፖም ያህላል ብሎታል። ይህኛው ካልታከመ ከ30 እስከ 60 በመቶ ይገድላል፤ ስለዚህ የሚተርፍም አለ። ሳንባ ሲገባ ግን በትንፋሽ ይተላለፋል፣ ያልታከመ ማንም አይተርፍም ማለት ይቻላል፣ በአንድ ቀንም ሊገድል ይችላል። ጠዋት ሲስቅ የነበረ ሰው ማታ ቢሞት የደራሲ ማጋነን አይደለም። ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

«ሞኞች ናቸው፤ አይጥ መሆኑን እንኳ አያውቁም።» ባክቴሪያው የተገኘው በ1894 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው። በጥቅምት 1348 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን የደረሱበት መልስ የሳተርን፣ የጁፒተርና የማርስ በአንድ ቦታ መገናኘት አየሩን መረዘው የሚል ነበር። የተመረዘ አየር ከሆነ መድኃኒቱ ጭስና ሽታ ነው፤ ስለዚህ ጳጳሱ ክሌመንት ስድስተኛ በአቪኞን በሁለት እሳት መካከል ተቀምጠው ሰነበቱ። በየዓመቱ ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» ብሎ የ1918ቱን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ ቆሻሻ የሚያጨስ አገር ልጅ በዚህ ባይስቅ ይሻላል።

«በሞት መቀለድ ነውር ነው።» ቦካቺዮ ራሱ ጽፎታል፤ ሰዎች መጠጣት፣ መዝፈንና በሚሆነው ሁሉ መሳቅ ዋናው መድኃኒት ነው ብለው ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ይዞሩ ነበር፤ በልቅሶ ፋንታ ሳቅና ቀልድ ገብቶ ነበር። ተከታታዩ የቀዳው ይህን ነው።

«መጽሐፉ ጨዋ ነው፤ ብልግናውን የጨመሩት እነሱ ናቸው።» ተከታታዩ ለአዋቂ ብቻ ተብሎ የወጣ ነው፤ ከቤተሰብ ጋር ሳሎን ቁጭ ብላችሁ አትክፈቱት። መጽሐፉንም ቢሆን እንደዚያው። በነፃ የሚገኙ ሁለት አሮጌ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አሉ፤ የፔይን (1886) እና የሪግ (1903)። ሪግ የሦስተኛውን ቀን ዐሥረኛ ተረት ሲያጋምስ አፍሮ መተርጎሙን ያቆምና ጣሊያንኛውን እንዳለ ይተወዋል። ሙሉውን ማንበብ የፈለገ የፔይንን ይያዝ።