የሹፌር እረፍት ምንድን ነው? ቆሞ መጠበቅስ እረፍት ይባላል?

ዴሊቨሪ የሚሰራ ሹፌር በቀን ስንት ሰዓት ነው መስራት ያለበት ሲባል ሁሉም ቶሎ ቁጥር ይጠራል፣ አንዱ 8 ይላል አንዱ 10 ይላል፣ ግን ከቁጥሩ በፊት ሶስት ነገር መለየት አለበት፤ የመንዳት ሰዓት፣ የስራ ሰዓት እና እረፍት። ሹፌር የሚበደለው እነዚህ ሶስቱ ሲደባለቁ ነው።

የመንዳት ሰዓት ግልፅ ነው፣ መሪ ይዘህ መንገድ ላይ ያለህበት ጊዜ ነው። የስራ ሰዓት ግን ከዛ በጣም ይሰፋል፣ ጠዋት መጋዘን ገብተህ እቃ ስትቆጥር ስትጭን፣ ጎማና ዘይት ስታይ፣ ደንበኛው በር ላይ ቆመህ ስልኩን አላነሳ ሲልህ፣ ማታ ተመልሰህ ሂሳብ ስታስረክብ ሁሉም ስራ ነው። ስለዚህ "ዛሬ እኮ 5 ሰዓት ብቻ ነው የነዳሁት" የሚል ሰው 11 ሰዓት ሙሉ ስራ ላይ ውሎ ሊሆን ይችላል።

እረፍት ደግሞ መኪናው የቆመበት ጊዜ ሁሉ አይደለም። የአውሮፓ ህብረት ህግ (ቁጥር 561/2006) እረፍትን ሲተረጉም ሹፌሩ የማይነዳበት፣ ሌላ ስራም የማይሰራበት፣ ለማገገም ብቻ የሚውል ጊዜ ይለዋል። "ብቻ" የምትለዋ ቃል ናት ዋናዋ። መጋዘን በር ላይ ወረፋ የያዘን ሹፌር አስቡት፣ አይኑ ከፊቱ ያለው መኪና ላይ ነው፣ ያኛው ሶስት ሜትር ሲጠጋ እሱም ይጠጋል፣ እንቅልፉ ቢመጣም ወንበሩን ወደ ኋላ ማድረግ አይችልም ምክንያቱም ተራው ካለፈ ቀኑ ሙሉ ይበላሻል። 50 ደቂቃ እንደዚህ ከቆየ በኋላ አለቃው "አርፈህ ነበር እኮ" ቢለው ልክ አይደለም፣ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የማይታወቅ ወረፋ እዛው አውሮፓ በስራ ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

ቁጥሩን እዛው ህግ ላይ እንየው። 4 ሰዓት ተኩል ከነዳህ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነስተህ ሳታቋርጥ ከነዳህ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የግድ ትቆማለህ ማለት ነው። 45ቱን ለሁለት መክፈል ይቻላል ግን መጀመሪያ 15 ከዛ 30 ነው እንጂ 30 አርፈህ ቀጥሎ 15 ብታርፍ አይያዝልህም፣ ይሄ ብዙ ሹፌር የሚቀጣበት ነገር ነው። በቀን መንዳት የሚቻለው 9 ሰዓት ነው፣ በሳምንት ሁለቴ 10 መድረስ ይቻላል፣ በሳምንት ከ56 በሁለት ተከታታይ ሳምንት ደግሞ ከ90 ማለፍ የለበትም። የቀን እረፍት፣ ማለትም የዛሬው ስራ አልቆ የነገው እስኪጀመር ያለው፣ በመደበኛው 11 ሰዓት ነው።

አሜሪካ አካሄዱ ሌላ ነው። እቃ የሚጭን ትልቅ መኪና ሹፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል፣ ግን ስራ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ 14 ሰዓት ከሞላው፣ ቢነዳም ባይነዳም፣ እንደገና መሪ መያዝ አይችልም። 8 ሰዓት ከነዳ 30 ደቂቃ ማቋረጥ አለበት፣ ታዲያ ከ2020 ወዲህ ይሄ 30 ደቂቃ እቃ እያራገፈም ሊያልፍ ይችላል፣ ካልነዳ በቃ። እኔ በበኩሌ ይሄን እረፍት ለማለት ይከብደኛል፣ ሳጥን ተሸክሞ ፎቅ የወጣና የወረደ ሰው ከመንዳት ተገላገለ እንጂ አላረፈም፣ ወገቡን ጠይቁት።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ካላችሁ የደከመ ሹፌር ምን ያህል እንደደከመ ራሱ ብዙ ጊዜ በትክክል አያውቀውም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳል፣ ለ4 ሰከንድ አይኑ ከተከደነ 100 ሜትር ማንም ሳይነዳው ሄደ ማለት ነው፣ 100 ሜትር ውስጥ ደግሞ ስንት ሰው መንገድ ይሻገራል።

አውሮፓ ውስጥ ሰዓቱን የሚይዘው ታኮግራፍ የሚባል መኪናው ላይ የሚገጠም መሳሪያ ነው። ምልክቶች አሉት፣ መሪው መንዳት ነው፣ የተጣመሩት ሁለት መዶሻዎች ሌላ ስራ ናቸው፣ አልጋው እረፍት ነው። ዲጂታሉ ላይ መኪናው ሲቆም መሳሪያው በራሱ ወደ መዶሻው ይሄዳል፣ አልጋውን የሚመርጠው ሹፌሩ ነው። "አልጋው ላይ አድርገህ አራግፍ" የሚል አለቃ ካለ እያስዋሸህ ነው፣ ህግ መጣስ ነው፣ ሲያዝ ደግሞ መሳሪያው ውስጥ የምትከተው የሹፌር ካርድ ላይ ያለው ያንተ ስም ነው።

ችግሩ ይሄ የአውሮፓ ህግ የሚይዘው በዋናነት ከ3.5 ቶን በላይ ያሉትን መኪኖች ነው። ትንሽ ቫን፣ ሞተር፣ ሳይክል የሚነዱት ብዙ ቦታ ከዚህ ውጪ ናቸው። እንግሊዝ ትንሽ ይሻላል፣ እዛ ለቫን ሹፌርም በቀን 10 ሰዓት መንዳት እና 11 ሰዓት ስራ የሚል ጣሪያ አለ። በአፕ የሚሰሩት ደግሞ ብዙ ቦታ "ተቀጣሪ ሳይሆን የራሱን ስራ የሚሰራ ሰው ነው" ስለሚባሉ ሰዓታቸውን የሚቆጥርላቸው የለም፣ ክፍያው ባደረስከው እቃ ልክ ሲሆን ደግሞ እረፍት ማለት ከኪስህ የሚወጣ ገንዘብ ይሆናል። የሚገርመው ያው የአውሮፓ ህግ ለትልልቆቹ መኪኖች ይሄን አይቶታል፣ በርቀት ወይም በእቃ ብዛት መክፈል የመንገድ ደህንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ክልክል ነው ይላል፣ ሞተር ላይ ላለው ልጅ ግን እንደዚህ የሚልለት የለም። አደጋው ለእሱ አንሶ አይደለም እኮ፣ እሱማ ብረት እንኳን አይከልለውም።

ታኮግራፍ የሌለው ሰው ማድረግ የሚችለው ሰዓቱን ራሱ መያዝ ነው። ስልክህ ላይ መጀመሪያ መጋዘን የገባህበትን፣ እያንዳንዱ ወረፋ የጀመረበትንና ያለቀበትን፣ መኪናውን ቆልፈህ የወረድክበትን ሰዓት ፃፍ። አፑ የሚያሳይህ ትእዛዝ ይዘህ የተንቀሳቀስክበትን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በር ላይ የቆምክባቸው ሰዓታት ያንተ ማስታወሻ ላይ ካልሆነ የትም አይገኙም።