ለኮራል ገንዳ የስኪመር መጠን አመራረጥ፣ በጎንደር ከፍታ

ፕሮቲን ስኪመር በጨዋማ ውሃ የተሞላ የዓሣና የኮራል (ተክል የሚመስል የባሕር እንስሳ) ገንዳ ውስጥ የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ሳይበሰብስ በአረፋ አድርጎ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሥራውን ለመረዳት ቅቤ ሲነጠር አጠገቡ መቆም ይበቃል። ድስቱ ሲሞቅ ከላይ ነጭ አረፋ ይነሣል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ጥሩው ቅቤ ከሥር ይቀራል። ያ የሚገፈፈው ነጭ ነገር በአብዛኛው የወተት ፕሮቲን ነው። ስኪመር ግን እሳት የለውም፤ አረፋውን የሚያስነሣው በፓምፕ ተፈጭቶ ውሃው ውስጥ የሚገባ አየር ነው።

የምግብ ትራፊ፣ የዓሣ ልጋግና ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻ ሲሟሟ ከሚሰጣቸው ሞለኪውሎች ብዙዎቹ ሁለት ጠባይ አላቸው፤ አንዱ ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ይሸሸዋል። የሚሸሸው ጫፍ መጠጊያ የሚያገኘው አየር ላይ ስለሆነ ሞለኪውሉ የአረፋዋ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ረቂቅ አረፋዎቹ በስኪመሩ ሆድ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጡ እየተጠጋጉ ይወፍራሉ፤ ውሃቸው ወደ ታች እየተንጠፈጠፈ፣ ጠባቡን አንገት አልፈው ከላይ ያለው ጽዋ ውስጥ ይፈርሳሉ። እዚያ የሚጠራቀመው ቡናማ፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ገንዳው ውስጥ ቀርቶ ቢሆን በባክቴሪያ ተሰባብሮ መጀመሪያ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት፣ በመጨረሻም ናይትሬት ይሆን ነበር፤ ከፎስፌት ጋር ተደምሮም አልጌ ይቀልብ ነበር።

ስኪመር ሁሉን ይጠርጋል የሚለው እምነት ግን ልክ አይደለም። የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኬን ፌልድማን የተለያዩ ስኪመሮችን እየለካ ያገኘው፣ መሣሪያዎቹ የሚያወጡት በውሃው ውስጥ ካለው ኦርጋኒክ ካርቦን ከ20 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን ብቻ መሆኑን ነው። ቀሪው አረፋ ላይ የማይለጠፍ ዓይነት ነው። ይህ ቁጥር የመጠን ምርጫውን ጉዳይ ከሥሩ ይለውጠዋል፤ የማይለጠፈውን ነገር ትልቅ ስኪመርም አያወጣውም። ገንዘብ አብዝቶ እጥፍ የሚበልጥ መሣሪያ የሚገዛ ሰው እጥፍ ንጹሕ ውሃ አያገኝም።

ጎንደር ላይ የባሕር ውሃ የሚባለው ሁሉ በቤት የሚበጠበጥ ነው። የጥንቱ የጎንደር የባሕር በር ምጽዋ ነበረች፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ወርዶ ጎንደር የደረሰው በየካቲት 1770 ነው። ዛሬም ቢሆን ከቀይ ባሕር ውሃ እየቀዳ የሚያመጣ የለም፤ ጨዉ በከረጢት መጥቶ በተጣራ ውሃ ይሟሟል። ለኮራል የሚፈለገው በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ነው፤ ቀይ ባሕር ራሱ ወደ 40 ይጠጋል። አሞሌ ለምን አይሆንም የሚል ጥያቄ በዚህ አገር መነሣቱ አይቀርም። አሞሌ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። አረፋውን ያነሣዋል፣ ኮራሉን ግን አያኖረውም፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በሊትር 420 ሚሊ ግራም አካባቢ ካልሲየምና ወደ 1,300 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም ካለው ውሃ ነው።

ጨው ለአረፋውም ቁልፍ ነው። ጎርጎራ ወርዶ ከጣና ውሃ የቀዳ ሰው ያንኑ ስኪመር ቢከፍትበት አረፋዎቹ ወዲያው እየተጋጠሙ ትላልቅ ይሆናሉ፣ ፈጥነው ወጥተው ይፈነዳሉ፣ ጽዋው ባዶውን ይውላል። በጨዋማ ውሃ አረፋዎች እርስ በርስ መዋሃድ ስለሚከብዳቸው ረቂቅ እንደሆኑ ይቆያሉ። ስለዚህ ቀረሶ ወይም አምባዛ በጣፋጭ ውሃ ለሚያረባ ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ገንዘቡን ለሌላ ማጣሪያ ያውለው።

መጠን ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታወቀው የውሃው ብዛት ነው፤ የመስታወቱ ልክ አይደለም። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ በወረቀት ላይ 300 ሊትር ነው። ውሃው ከአፉ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ 276 ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አሸዋና 30 ኪሎ ያህል ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ሲገባ ሌላ 30 ሊትር ገደማ ይሄዳል። በአንጻሩ ከሥር፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው፣ ብዙ ጊዜ ስኪመሩ የሚቆምበት ሁለተኛ ገንዳ 60 ሊትር ይዞ ከሆነ ይደመራል። ውጤቱ እንደገና ወደ 300 መመለሱ የአጋጣሚ ነው፤ የታችኛው ገንዳ የሌለው ሰው ግን 245 ብሎ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ‘እስከ 1,000 ሊትር’ የሚል ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ ለማይበዛበት ገንዳ የተሰጠ ነው። ጠንቃቃ አምራቾች ሦስት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ለቀላል፣ ለመካከለኛና ለከባድ ጫና። ዝቅተኛው ቁጥር ከከፍተኛው ግማሽ ሊሆን ይችላል። ጫና ማለት በቀን ውሃው ውስጥ የሚገባው ምግብ ነው፤ ሊትሩ ራሱ ቆሻሻ አያመርትም። 300 ሊትር ውስጥ አራት ትናንሽ ዓሦችና ለስላሳ ኮራል ብቻ ያለው ሰው ቀላል ጫና ላይ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የሚቀለቡ ደርዘን ዓሦች ያሉት ጎረቤቱ በዚያው ሊትር ከባድ ጫና ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስኪመር አይገዙም። የሚሻለው አሁን ያለውን ሳይሆን ከዓመት በኋላ ይኖራል ተብሎ የታሰበውን የዓሣ ብዛት ይዞ፣ በመካከለኛው ቁጥር ከገንዳው ውሃ ጋር የሚቀራረበውን መምረጥ ነው።

ለብዙ ዓመታት የተለመደው ምክር ‘የገንዳህን እጥፍ ግዛ’ የሚል ነበር። ይህ ምክር ስኪመሮች ደካማ በነበሩበት ዘመን፣ ‘ድንጋይ’ በሚባል ባለ ቀዳዳ የእንጨት መንፊያ አየር ሲነፋ፣ ትርጉም ነበረው። ዛሬ መዘውራቸው በመርፌ የተከበበ ፓምፖች አየሩን እንደ ጭስ አድርገው ስለሚፈጩት ያው ምክር ይጎዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አረፋ ሳይፈርስ አንገቱን እንዲወጣ ቆዳው በፕሮቲን መጠናከር አለበት። አንገቱ ሰፊ፣ ሆዱ ትልቅ፣ የሚመጣው ፕሮቲን ግን ጥቂት ሲሆን አረፋው መንገድ ላይ እየፈነዳ ይወርዳል። ባለቤቱ ጽዋው ባዶ መሆኑን አይቶ ውሃዬ ንጹሕ ነው ይላል። ዓሦቹ ከተቀለቡ በኋላ ለጥቂት ሰዓት አረፋ ይነሣል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ይላል። ልኩን የጠበቀው ግን ሌት ተቀን በቀስታ ይሠራል።

የሚያንስ ስኪመር ምልክቱ ሌላ ነው። ጽዋው በአንድ ቀን ይሞላል፣ የውሃው ገጽ ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ይታያል፣ ናይትሬት በየሳምንቱ ከፍ ይላል። ይህ ችግር ግን መላ አለው፤ ጽዋውን ቶሎ ቶሎ ማጠብ፣ በሳምንት 10 በመቶ ውሃ መለወጥ፣ ምግብ መቀነስ። ለተጋነነው ስኪመር እንዲህ ያለ መላ የለም፤ ፓምፑን ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት ካልሆነ በቀር። ስለዚህ በሁለት ቁጥር መካከል ለሚያመነታ ሰው፣ ብዙ ዓሣ የማሳደግ ሐሳብ ከሌለው፣ ትንሹ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም አገር ይሠራል። ጎንደር የራሷን ነገር የምትጨምረው በአየሩ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ80 በመቶ በታች ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባሕር ውሃ በዝቅተኛ ቦታ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ግን የሚይዘው 5.2 ገደማ ነው። አረፋው የሚገፍፈው በስፋቱ እንጂ በክብደቱ ስላልሆነ የስኪመሩ የማጽዳት ሥራ በከፍታው ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላው ሥራው፣ ማለትም ውሃውን ማስተንፈስ ነው። ኮራሎችና አልጌዎች ኦክስጅን መስጠት አቁመው ራሳቸው በሚጠቀሙበት በሌሊት ልዩነቱ ይታያል፤ ዓሦች ወደ ገጹ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። እዚህ ላይ መልሱ ሆዱ የገዘፈ ስኪመር አይደለም። በልኩ ካሉት መካከል በሰዓት ብዙ ሊትር አየር የሚስበው ይመረጣል፣ የውሃውም ገጽ በፓምፕ እንዲናጥ ይደረጋል። ዓሣውንም ከቆላ ገንዳ ትንሽ ቀነስ አድርጎ መያዝ ብልህነት ነው።

የሚሳበው አየር ከየት እንደሚመጣም ይታሰብ። ስኪመር ቀኑን ሙሉ የክፍሉን አየር ውሃው ውስጥ ይከታል። ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተስቦ ይገባል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልኬት፣ ከሚፈለገው 8.1 በታች ሊወርድ ይችላል። የወጥ ቁሌት የሚበትነው የዘይት ብናኝ ከዚያ የባሰ ነው፤ ቅባት አረፋን ይገድላል፣ ስኪመሩም ለሰዓታት ጸጥ ሊል ይችላል። የእጣኑ ጭስም ቢሆን ኮራል ላይ ባይጨስ ይመረጣል። መፍትሔው የአየር ቱቦውን በመስኮት ወደ ውጭ ማውጣት ነው፣ ወደ ማድ ቤቱ በኩል ሳይሆን። ፒኤች ለማንሣት የኖራ ውሃ በጠብታ መጨመርም የታወቀ ዘዴ ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙበት ኖራ ዘመድ ነው፤ ለገንዳ የሚሆነው ግን ንጹሑ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ብቻ ነው።

መብራቱም ከመጠኑ ጋር ይያያዛል። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ስኪመር ለ110 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ በዚህም የተለመደው ዓይነት ፓምፕ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ የሚስበው አየርም ያንሳል። ለ400 ሊትር የተባለው እዚህ ለ400 አይሆንም ማለት ነው። በቀጥተኛ ጅረት የሚሠሩትና ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ቻርጀር ያላቸው ፓምፖች ይህ ችግር የለባቸውም፣ ፍጥነታቸውም ይስተካከላል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከላይኛው ገንዳ ያለው ትርፍ ውሃ ወደ ታችኛው ይወርዳል። መብራቱ ሲመለስ ስኪመሩ ከወትሮው ጥልቅ በሆነ ውሃ ውስጥ ይነሣል፣ ጽዋውም ወለል ላይ ይገነፍላል። ስኪመሩን ከዋናው ፓምፕ 15 ደቂቃ ያህል አዘግይቶ የሚያስነሣ ሰዓት ቆጣሪ ይህን ያስቀራል። ባትሪ ያለው ሰው ባትሪውን ለስኪመሩ አያባክን፤ አየር በሚበትን ድንጋይ ለሚነፋ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያውለው። ቆሻሻው እስኪነጋ ይቆያል፣ ኦክስጅኑ ግን አይቆይም።

አብዛኛው ስኪመር ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ትነቱ ስለሚበረታ ያልተተካ ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፍታውን ያወርደዋል፣ አረፋውም አብሮ ይወርዳል። ስኪመሩ ያለበት የታችኛው ገንዳ ክፍል የውሃው ከፍታ ሳይለዋወጥ በጠርዝ ተከልሎ የሚቆም ከሆነ ጣጣው ግማሹ ያልቃል። የሚተካው ውሃ ጣፋጭና የተጣራ ይሁን። ከአንገረብ ግድብ መጥቶ ሮቶ ውስጥ የተቀመጠ የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ደለልም ሊኖረው ስለሚችል በማጣሪያ ያልፋል። ክሎሪን ማጥፊያ ተብለው ከሚሸጡት ፈሳሾች አንዳንዶቹ ራሳቸው አረፋ ያስነሣሉ፤ ስኪመሩ ድንገት ሲገነፍል መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው።

ከመግዛት በፊት ሜትር ይዞ የቁም ሣጥኑን ውስጥ መለካት ያስፈልጋል። ስኪመሩ ገብቶ ጽዋው የሚወጣበት ቦታ ከሌለ ማጠቡ መከራ ይሆናል፣ መከራ የሆነ ሥራ ደግሞ ይዘነጋል። አዲስ መሣሪያ ከፋብሪካ የቀረበት ቅባት እስኪታጠብ ድረስ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት አረፋው ያለ ቅጥ ይነሣል ወይም ጭራሹን አይነሣም፤ ይህ መጠኑን እንደ መሳት ተደርጎ አይወሰድም።

አንገቱ በሁለት ሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይጠረጋል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ቅባት አረፋውን ያፈርሰዋልና። የአየር ቱቦው አፍ ላይ የሚጋገረው ጨው በሙቅ ውሃ ይለቃል፤ ፓምፑ ላይ የሚጠነክረው ኖራ ግን ኮምጣጤ ይፈልጋል። ጽዋው ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ቀጭን ሻይ ከሆነ ውሃም አብሮ እየወጣ ነው፣ የስኪመሩ የውሃ ከፍታ ማስተካከያ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ የቡና አተላ ከመሰለ ደርቋል፣ ትንሽ ከፍ ይበል። ሽታው የመሬት ማዳበሪያ ያስመስለዋል፣ ግን ጓሮ ጎመን ላይ አይደፋም፤ ጨዉ ጎመኑን ያደርቀዋል።