ከፎስተር ኬር ወደ ኮሌጅ፦ ክፍያው ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ መግባት የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ የሚሞላው ፎርም ፋፍሳ ይባላል። የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ነው፤ ለመሙላት ምንም አይከፈልበትም። ፎርሙ ስለ ወላጅ ገቢና ግብር ይጠይቃል። ወላጅ መፈረምም አለበት። በፎስተር ኬር ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ “በቃ፣ ለእኔ አይሆንም” ብሎ ገና ሳይጀምር ሊተወው ይችላል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ ለእሱ ሌላ በር ተከፍቶለታል።

ፎስተር ኬር በአማርኛ ብዙ ጊዜ “ማደጎ” እየተባለ ይተረጎማል። አንድ አይደሉም። ማደጎ ልጁን ለዘለቄታው የሌላ ቤተሰብ ልጅ ያደርገዋል። ፎስተር ኬር ግን ጊዜያዊ ነው። ቤተሰብ ልጁን በደህና ማሳደግ ሲያቅተው ፍርድ ቤት ኃላፊነቱን ለስቴቱ ይሰጣል፤ ልጁም ዘመድ ጋ፣ አሳዳጊ ቤተሰብ ጋ ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። በመላ አገሪቱ በዚህ ሁኔታ የሚኖሩት ልጆች ከ300,000 በላይ ናቸው። ወደ ወላጆቻቸው የሚመለሱ አሉ፤ በማደጎ የሚወሰዱም አሉ። ሁለቱም ያልሆነላቸው ዕድሜያቸው ሲደርስ ከሥርዓቱ ይወጣሉ፤ ድሮ 18 ላይ ነበር፣ አሁን ብዙ ስቴቶች እስከ 21 ያቆያሉ።

አሁን ወደ ፎርሙ እንመለስ። ፋፍሳ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ፦ 13 ዓመት ከሞላህ በኋላ በማንኛውም ጊዜ ወላጅ አልባ፣ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ወይም ፎስተር ኬር ውስጥ ነበርክ? አዎ ካለ ተማሪው “ራሱን የቻለ” ተብሎ ይመዘገባል። የማንም ወላጅ ገቢ አይጠየቅም፤ የማንም ፊርማ አያስፈልግም። ፎስተር ኬር ውስጥ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም ይቆጠራል። በኋላ ወደ ቤተሰቡ ቢመለስ ወይም በማደጎ ቢወሰድም መልሱ ያው አዎ ነው። ይህ ደንብ የመጣው በ2007 በወጣ ሕግ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በእኔ እምነት ከታች ከማነሳቸው ድጋፎች ሁሉ የምትበልጠው ይህቺ አንዲት ጥያቄ ናት። የራሱ ገቢ ብቻ ስለሚታይ ተማሪው ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ፔል ግራንት የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ያገኛል። ፔል ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው።

ከዚያ በላይ ለእነዚህ ወጣቶች ብቻ የተመደበ የፌዴራል ገንዘብ አለ። መነሻው በ1999 የወጣ ሕግ ሲሆን የሮድ አይላንዱ ሴናተር ጆን ቼፊ ስም ተሰጥቶታል። ቼፊ ሕጉ ሳይፈረም ጥቅምት ላይ ሞቱ። የትምህርትና የሥልጠና ቫውቸሩ ከዚያ በኋላ፣ በ2002 መጀመሪያ ላይ በተፈረመ ማሻሻያ ተጨመረ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢቲቪ ይባላል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው እንዳይመስላችሁ። በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ከ2018 ወዲህ ስቴቶች እስከ 26 ዓመት ዕድሜ ድረስ መስጠት ይችላሉ፤ በጠቅላላው ግን ከአምስት ዓመት አይበልጥም። 16 ዓመት ከሞላቸው በኋላ በማደጎ የተወሰዱትም ይገባቸዋል። ለሙያ ሥልጠናም ያገለግላል፤ ፀጉር ሥራም ይሁን ብየዳ፣ ትምህርት ቤቱ ዕውቅና ይኑረው እንጂ።

የስቴቶቹ ነገር እንደየቦታው ነው። ቴክሳስ ከ1993 ጀምሮ በመንግሥት ኮሌጆቹ የትምህርት ክፍያ አያስከፍላቸውም። ፍሎሪዳ እስከ 28 ዓመት ድረስ ነጻ ታስተምራለች። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሜሪላንድም ተመሳሳይ ሕግ አላት። አንዳንድ ስቴቶች፣ ለምሳሌ ሚኒሶታ፣ መጀመሪያ ፔሉን ይቀንሱና የቀረውን ይሸፍናሉ። በሌሎቹ ፔሉ ሳይነካ ለኪራይና ለምግብ ይተርፋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የሚማርበትን ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ በግልጽ መጠየቅ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ያለ ወላጅ የመጡ ስደተኛ ልጆችን የሚቀበል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ በ1980 አካባቢ ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ልጆች ተብሎ የተጀመረ ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ልጆችም በዚሁ መንገድ መጥተው አሜሪካውያን ቤት አድገዋል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ማደጎን በ2018 ከማገዷ በፊት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካ ተወስደዋል። ከእነሱ መካከል 13 ከሞላቸው በኋላ ወላጅ አልባ ሳሉ የተወሰዱት ለዚያች ጥያቄ አዎ ማለት ይችላሉ። ግሪን ካርድ ያለውም የፌዴራል ድጋፍ ይገባዋል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ግን ፔልም የፌዴራል ብድርም አያገኝም።

ሁሉም ነገር የሚቆመው ወረቀት ላይ ነው። ኮሌጁ “ፎስተር ኬር ውስጥ እንደነበርክ አስረዳ” ካለ ከልጆች ደህንነት ቢሮ ወይም ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሶሻል ወርከሩ ሥራ ከቀየረ፣ ልጁም ሌላ ስቴት ከሄደ ያንን ደብዳቤ ማግኘት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሕጉ ግን ከጎኑ ነው። 18 ሞልቶት ከሥርዓቱ ለሚወጣና ቢያንስ ስድስት ወር ለቆየ ወጣት ስቴቱ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ የሕክምና መዝገቡን፣ መታወቂያውንና ይህንኑ ማረጋገጫ ሰጥቶ መሸኘት አለበት። ካልሰጡት ይጠይቅ፤ መብቱ ነው።

አንድ ወጪ ግን የትኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ጎልቶ አይታይም። ዲሴምበር ላይ ፈተና ያልቃል። የዶርሙ በር ላይ “እስከ ነገ ቀትር ድረስ ክፍላችሁን ልቀቁ” የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። በፎስተር ኬር ያደገች አንዲት ተማሪን አስቡ፤ ጓደኞቿ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወላጆቻቸው መኪና ውስጥ ይገባሉ። እሷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ማን ጋ እንደምትደውል ታስባለች። ሶፋ ላይ የሚያሳድራት ሰው ካላገኘች ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሆቴል ልትከፍል ነው፤ ለመጽሐፍ የያዘችው ብር እዚያ ያልቃል። በሰኔና በሐምሌው የክረምት ዕረፍት ደግሞ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ነው።

ለዚህ ችግር ቀድመው የነቁ ኮሌጆች አሉ። በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፉለርተን በ1998 የተጀመረው ጋርዲያን ስኮላርስ የሚባለው ፕሮግራም ለነዚህ ተማሪዎች ከገንዘቡ ጋር መኖሪያና የሚከታተላቸው ሰው ይዞ መጣ። ዛሬ በዚሁ ስም ወይም በሌላ ስም በብዙ ኮሌጆች ይገኛል። ኮሌጅ ከመምረጥ በፊት ወደ መኖሪያ ቢሮው ደውሎ “ዲሴምበር ላይ ዶርሙ ይዘጋል ወይ? ቤት የሌለው ተማሪ የት ያድራል?” ማለት ይቻላል። መልሱ ተድበስብሶ ከመጣ ሌላ ኮሌጅ ጋ መደወል ነው።