«ዋቱ ስንት ነው?»፦ ስለ ጠረጴዛ ስፒከር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መርካቶ ስፒከር ሊገዛ የገባ ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዋቱ ስንት ነው?» ሻጩ ካርቶኑን አዙሮ ባለአራት አሃዝ ቁጥር ያሳየዋል፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ግን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ መሆን ነበረበት። በተለይ በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው በዚህ ስህተት ክፉኛ ይጎዳል፤ ለድምፅ ያጠራቀመው ብር ካርቶን ላይ ለታተመ ቁጥር ይወጣል።

«ዋት ሲበዛ ድምፁ ይጠራል»

«5000 ዋት» ከሚለው ጎን በትናንሽ ፊደላት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። አምራቹ እንዳሻው የሚያሰላው፣ ወጥ የአለካክ ደንብ የሌለው ቁጥር ነው። ውሸትነቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ ስለዚህም ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ይሠራለታል። ከምጣድ በላይ ኃይል አለኝ የሚለው ስፒከር ግን በቀጭን ሽቦ ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ሲሠራ ይውላል። ጀርባውን አዙራችሁ የኃይል ፍጆታውን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት በታች ነው። ከሶኬት ያልገባ ኃይል ድምፅ ሆኖ አይወጣም።

ሊታመን የሚገባው አር.ኤም.ኤስ. የሚባለው ልኬት ነው፤ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ያሳያል። እሱም ቢሆን ለጠረጴዛ ብዙ አያስጨንቅም። ምክንያቱ በሒሳብ ይኸውላችሁ።

የአንድ ስፒከር ስሜታዊነት (ሴንሲቲቪቲ) 86 ዴሲቤል ነው ከተባለ (ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው)፣ 1 ዋት ሲገባለት በ1 ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትቀመጡ 3 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ስፒከሮቹ ሁለት ስለሆኑ ሌላ 3 ይደመራል። በአንድ አንድ ዋት ብቻ 92 ዴሲቤል ደረሳችሁ ማለት ነው። ሥራ እየሠሩ ሙዚቃ የሚሰማበት ምቹ ልክ ደግሞ ከ70 እስከ 75 ዴሲቤል ነው፤ ለዚያ የአንድ ዋት ሃምሳኛ እንኳን ይበቃል። ከበሮ ሲመታ ወይም የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በአንድ ላይ ሲገቡ ድምፁ በቅጽበት 15 ዴሲቤል ወደ ላይ ቢዘል፣ አሁንም ከ1 ዋት አያልፍም። በአንድ ጎን 20 እውነተኛ ዋት ያለው ስፒከር ለጠረጴዛ የተትረፈረፈ ነው።

20 ዋት የነበረውን በ40 ዋት መቀየርስ? የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ይላል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ አሥር እጥፍ፣ ማለትም 200 ዋት መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው የጥንቃቄ ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ከፍቶ የሚውል ሰው ከዚያ በላይ የሚያስጮኸው ነገር የሚጎዳው ጆሮውን ነው።

ታዲያ በዋት ፋንታ ምን ይጠየቅ? ሳጥኑ ከምን ተሠራ፤ ከተጠቀጠቀ እንጨት፣ ኤም.ዲ.ኤፍ. ከሚባለው፣ ወይስ ከስስ ፕላስቲክ? በጣታችሁ ጎኑን ስታንኳኩት ደረቅና አጭር ድምፅ መስጠት አለበት፤ እንደ ባዶ ጀሪካን የሚያስተጋባ ከሆነ እሱ ራሱ ከዘፋኙ ጋር እየዘፈነ ነው። ለቀጭኑ ድምፅ የራሱ ትዊተር (ትንሽ የቀጭን ድምፅ ማውጫ) አለው ወይስ አንድ ኮን (ድምፁን የሚያወጣው ተርገብጋቢ ክብ) ሁሉን ይሠራል? የድምፅ ክልሉ (ኸርዝ የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ ነው) «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ምንም አልተነገራችሁም። «ከ60 ኸርዝ ጀምሮ፣ በ3 ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ» የሚል ከሆነ ግን ለመለካት የደፈረ አምራች ነው። ኤዲፋየር አር1280ቲ የሚባለው፣ ባለ4 ኢንች ኮንና ባለ13 ሚሊ ሜትር የሐር ትዊተር ስፒከር፣ ጠቅላላ ኃይሉ 42 ዋት አር.ኤም.ኤስ. ነው። ከጎኑ ባለ3000 ዋት ካርቶን ሲደረደር «ደካማ» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱን በተመሳሳይ የድምፅ ከፍታ አጫውቶ ድምፃዊው የሚለውን ቃል በቃል መስማት ልዩነቱን ይነግራል።

«በተመሳሳይ የድምፅ ከፍታ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሁለት ስፒከር ሲነጻጸር በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል የሚበልጠው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ሻጮችም ያውቁታል። መሸጥ የፈለጉትን ከፍ ያደርጉታል፣ ቤዙንም (ወፍራሙን ድምፅ) እስከ ጥግ ያዞሩታል። የቤዝና የትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ) መቆጣጠሪያ መሐል ላይ አስመልሱ። የራሳችሁን ስልክ፣ የምታውቁትን ሦስት ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ፦ አንዱ የሰው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበት፣ አንዱ ክራር ወይም ማሲንቆ ያለበት፣ አንዱ ሙሉ ባንድ ከቤዝ ጊታር ጋር። ማሲንቆው የሚቧጥጥ ከሆነ ትዊተሩ ሻካራ ነው። የቤዝ ጊታሩ አንዳንድ ኖታ እየጎላ ሌላው የሚጠፋ ከሆነ ሳጥኑ ራሱ የሚወደው ኖታ አለው ማለት ነው፤ ተዉት።

«ትንሽ ስፒከር አሻንጉሊት ነው»

ቢቢሲ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ መኪኖቹ ያሠራው ኤል.ኤስ.3/5ኤ የሚባል ስፒከር ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ኮኑ 11 ሴንቲ ሜትር ነበር። የተሠራው ጠባብ ቦታ ውስጥ ቀርቦ ለሚሰማ ባለሙያ ነው፤ የእናንተም ጠረጴዛ ልክ እንደዚያ ነው። ትልልቁ ባለሦስት ኮን ስፒከር ላይ ኮኖቹ ተራርቀው ስለሚቀመጡ ድምፃቸው ተዋህዶ አንድ የሚሆነው ራቅ ብላችሁ ስትቀመጡ ነው። በ70 ሴንቲ ሜትር ላይ ቤዙ ከታች፣ ድምፃዊው ከላይ ተለያይተው ይሰማሉ። ለጠረጴዛ ከ3.5 እስከ 5 ኢንች ያለ ኮን ትክክለኛው ልክ ነው።

«ዉፈር ከሌለው ሙዚቃ አይባልም»

የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ባለ4 ኢንች ኮን እዚያ አይደርስም፣ እውነት ነው። ጆሮ ግን ከ80 ኸርዝ በላይ ያሉትን የዚያኑ ኖታ ተከታይ ድምፆች ሰምቶ ዜማውን ይከተላል። ርካሹ ባለዉፈር ስብስብ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ የተለየ ሳጥን ያለው) ላይ ያለው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። ትንንሾቹ የፕላስቲክ ስፒከሮች ከ200 ኸርዝ በታች ምንም ስለማይችሉ ያ ሁሉ ወደ ዉፈሩ ይላካል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ስለሆነ፣ የዘፋኙ ግማሽ አካል ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እያጉረመረመ ግማሹ ከላይ ይዘምራል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ያ ጉርምርምታ በወለሉ አልፎ ታች ጎረቤት ቤት ይገባል። ያው ገንዘብ ሁለት ጥሩ ስፒከር ላይ ይዋል።

«ጥሩ ስፒከር የትም ቢቀመጥ ጥሩ ነው»

ከዋት ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚከስርበት ይህ ነው። በተለይ «የመጽሐፍ መደርደሪያ ስፒከር» የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል፤ መደርደሪያው ውስጥ ተጨናንቆ የገባ ስፒከር ቤዙ ያብጣል፣ ድምፁ ይታፈናል። እንዲህ አድርጉ፦

በሁለቱ ትዊተሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ ራሳችሁ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ 1.20 ሜትር ጠረጴዛ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ይሆናል። ሁለቱንም ፊታቸውን ወደ እናንተ አዙሩ። ከስክሪኑ ኋላ አይደበቁ፤ በተቻለ መጠን ወደ ጠረጴዛው የፊት ጠርዝ ይምጡ።

ትዊተሩ በጆሮ ቁመት ይሁን። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከጠረጴዛው በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ 24 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ስፒከር በባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም የሚዘፍነው ለደረታችሁ ነው። አናጢ በርካሽ የሚሠራው 15 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ሳጥን ከሥሩ አድርጉ፣ ወይም ፊቱን በ10 እና 15 ዲግሪ መካከል ወደ ላይ አንጋጡት። በእንጨቱና በስፒከሩ መካከል ከአሮጌ ስሊፐር የተቆረጠ አራት ቁራጭ ጎማ አስገቡበት፤ መንሸራተቱንና የጠረጴዛውን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጠረጴዛው ራሱ ድምፅ ስለሚያንጸባርቅ ነው። ቀጥታ የመጣውና ከጠረጴዛው ነጥሮ የመጣው ድምፅ ከአንድ የሰከንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ተለያይተው ጆሮ ላይ ሲገናኙ አንዳንዱን ድምፅ ይሰርዙታል፣ አንዳንዱን ያጎሉታል። ዘፋኙ ባልዲ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን የሚመስለው በዚህ ነው። ትንሽ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋድማችሁ ተቀመጡና ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱ፤ ትዊተሩ መስታወቱ ውስጥ የሚታይበት ቦታ ድምፁ የሚነጥርበት ነው። ስፒከሩን ከፍ ስታደርጉና ወደ ጠርዝ ስታመጡ ያ ነጥብ ከጠረጴዛው ላይ ይወጣል፣ ወይም ቢያንስ ኪቦርዱ ላይ ወድቆ ይበተናል።

የአየር ቀዳዳው ከኋላ የሆነ ስፒከር ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ጠረጴዛችሁ ማዕዘን ውስጥ ከሆነና ሌላ ምርጫ ከሌለ፣ የቤዙን መቆጣጠሪያ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ቀንሱ፤ ወይም ቀዳዳውን በካልሲ በስሱ ድፈኑት። የአዲስ አበባ ክፍል ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ወለልና ልሙጥ የኮንክሪት ግድግዳ ነው። እጃችሁን አጨብጭቡ፤ የሚያንቃጭል ማስተጋባት ከሰማችሁ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከመቀመጫችሁ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም የተሰቀለ ጋቢ ልዩነት ያመጣል። ከዚህ ሥራ በፊት ስፒከር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

«ከአሜሪካ የመጣ ሁልጊዜ ይሻላል»

ማጉያ ውስጡ ያለበት ስፒከር ከሆነ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ በገባ በቅጽበት ይቃጠላል። «100–240» የሚል ከሆነ በሰላም ይሠራል፤ 115 እና 230 ብሎ መቀየሪያ ያለው ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩት። ለብቻው ማጉያ የሚፈልግ፣ ሶኬት የማይነካ ስፒከር ግን ከየትም ቢመጣ ቮልቴጅ አይመለከተውም።

«ስፒከሩ እዝ ይላል፣ ተበላሽቷል»

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ ጩኸቱ ከጠፋ ችግሩ ኮምፒውተሩና ስፒከሩ በሁለት መንገድ ከመሬት መስመር ጋር መገናኘታቸው ነው። ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልጠፋ በ3.5 ሚሊ ሜትር ገመዱ መሐል የሚገባ ትንሽ የመሬት መስመር መነጠያ አለ። በነገራችን ላይ የዩ.ኤስ.ቢ. ዳክ (ዲጂታሉን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ) የሚጠቅመው ጩኸቱ ከላፕቶፑ የድምፅ መውጫ ራሱ ሲመጣ ነው፤ ንጹሕ መውጫ ላለው ላፕቶፕ የግድ አይደለም።

«ወፍራም ገመድ ድምፅ ያሳምራል»

2 ሜትር ርዝመት ያለው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 0.05 ኦህም ገደማ ነው፤ ባለ4 ኦህም ስፒከር አጠገብ ከቁጥር አይገባም። ተራ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ይልቅ ቀይና ጥቁሩን አታቀያይሩ፤ አንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሐል ላይ መቆሙን ትቶ በክፍሉ ይበተናል።

«አዲስ ስፒከር 100 ሰዓት ካልሠራ ድምፁ አያምርም»

የሚለምደው ጆሯችሁ ነው። ያልወደዳችሁትን ስፒከር የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱ።

«ያገለገለ ስፒከር አይገዛም»

ያለ ማጉያ የተሠሩት በትክክል ከተመረመሩ ለጠባብ በጀት ከሁሉ ይሻላሉ። ኮኑን በሁለት አውራ ጣት፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ በቀስታ ግፉት፤ ውስጡ የሚፈገፈግ ድምፅ ካለ ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ መጠምጠሚያ ተጎድቷል። ዙሪያውን ያለው ስፖንጅ ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ተዉት፤ ጎማ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ ባለ8 ኦህሙ ከ5.5 እስከ 7፣ ባለ4ቱ ከ3 እስከ 3.8 ገደማ ማሳየት አለበት። መልቲሜትር ከሌለ 1.5 ቮልት ባትሪ በሁለት ሽቦ ለቅጽበት አስነኩት፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። የሁለቱም ስፒከር ኮኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሄዱ አንዱ ተከፍቶ ተጠግኗል፣ ገመዱም ተገልብጦ ተበይዷል። ባትሪው ትዊተሩ መሥራቱን አያሳይምና ዘፈን ክፈቱ፤ ጆሯችሁን ወደ እያንዳንዱ ትዊተር አስጠግታችሁ ስሙ። አንዱ ዝም ካለ መለዋወጫው እዚህ አገር እንደልብ ስለማይገኝ ዋጋ አትከራከሩበት።