የአሰልጣኝ የማርች ማድነስ ሪከርድ ምንድን ነው?

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ካሜራው ወደ አሰልጣኙ ሲዞር ከስማቸው ሥር ብዙ ጊዜ በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች ብቅ ይላሉ። ዱክ ዩኒቨርሲቲን ከ40 ዓመት በላይ ያሠለጠኑት ማይክ ሺሼፍስኪ እ.ኤ.አ. በ2022 ጡረታ ሲወጡ ቁጥራቸው 101–31 ነበር። የግራው ያሸነፉት ጨዋታ ነው፣ የቀኙ የተሸነፉት። ሰውየው በሥራ ዘመናቸው በጠቅላላ 1,202 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ እዚህ የሚቆጠረው ግን በየዓመቱ በማርች በሚደረገውና «ማርች ማድነስ» በሚባለው የኤንሲደብልኤ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር) ውድድር ያገኙት ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ መያዝ ያለበት ውድድሩ ጥሎ ማለፍ መሆኑ ነው። 68 ቡድኖች ይጠራሉ፤ የተሸነፈ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤቱ። የመልስ ጨዋታ የለም፣ በነጥብ መካካስ የለም። እንግዲህ አንድ አሰልጣኝ በአንድ ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊሸነፍ አይችልም፤ ጭራሽ ሳይሸነፍ የሚጨርሰው ደግሞ ዋንጫውን ያነሳው ብቻ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ከተጠሩበት ዓመት ብዛት ላይ ዋንጫቸውን ብንቀንስ ሽንፈታቸው ይመጣል። ሺሼፍስኪ 36 ጊዜ ተጠርተው በ1991፣ በ1992፣ በ2001፣ በ2010 እና በ2015 ዋንጫ አንስተዋል፤ ከ36 ላይ 5 ሲነሳ 31።

ይህን ያወቀ ሰው የቀኙን ቁጥር በሌላ ዓይን ያየዋል። በመደበኛው የውድድር ወቅት ሽንፈት ሲበዛ ያስወቅሳል፤ እዚህ ግን መሸነፍም የሚችለው የተጠራ ብቻ ነው። የጎንዛጋው ማርክ ፊው በ1999 ቡድኑን ከተረከቡ ወዲህ ውድድሩ በተካሄደበት ዓመት ሁሉ ሳይጠሩ ቀርተው አያውቁም። በ2017 እና በ2021 ለፍጻሜ ደርሰው ዋንጫው አመለጣቸው። በየዓመቱ አንድ አንድ ሽንፈት ሲጨመርባቸው የሚያይ ሰው የደካማ አሰልጣኝ ሪከርድ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ያንን ቁጥር በአክብሮት ነው የማነበው።

ስሌቱ ለድሮ አሰልጣኞች ግን አይሠራም፤ ነገሩ በጣም የሚያስደስተኝም እዚህ ላይ ነው። የዩሲኤልኤው ጆን ዉድን በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ አንስተዋል፤ ከ1967 እስከ 1973 ያሉት ሰባቱ ተከታታይ ናቸው። ሪከርዳቸው 47–10 ነው። የተጠሩት 16 ጊዜ ስለሆነ ሽንፈታቸው 6 መሆን ነበረበት። አራቱ ከየት መጡ? በዚያ ዘመን ተሸናፊዎች ለደረጃ እርስ በርስ ይጋጠሙ ስለነበር፣ አንድ ቡድን በአንድ ውድድር ሁለቴ ሊሸነፍ ይችል ነበር። በ1950፣ በ1952፣ በ1962 እና በ1963 ዉድን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የደረጃ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ የቀረው ከ1981 በኋላ ነው።

የግራው ቁጥርም የዘመኑን መልክ ይዟል። ዉድን ዘጠኙን ዋንጫ ያነሱት አራት አራት ጨዋታ ብቻ እያሸነፉ ነው፤ የመጨረሻው፣ የ1975ቱ፣ አምስት ጠየቀ። ውድድሩ በ1985 ወደ 64 ቡድን ካደገ ወዲህ ግን ስድስት ድል ያስፈልጋል። ስለዚህ 101ን ከ47 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሺሼፍስኪ እጥፍ ይበልጣሉ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጨዋታው አንሶ ስለነበር ዉድን ቀለል ያለ መንገድ ሄደዋል ማለትም አይቻልም፤ እስከ 1974 ድረስ ከየሊጉ የሚጠራው ሻምፒዮኑ ብቻ ስለነበር፣ በሊጉ ሁለተኛ የወጣ ድንቅ ቡድን እንኳ ቤቱ ይቀር ነበር።

ቁጥሩ የማይናገረው ደግሞ ማን ማንን እንዳሸነፈ ነው። ቡድኖቹ በአራት ተከፍለው በየክፍሉ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1ኛው የሚጀምረው ከ16ኛው ጋር ነው። በ2018 የቶኒ ቤኔት ቨርጂኒያ ከሁሉም ቡድኖች ቀዳሚ ተብሎ ገብቶ፣ ከባልቲሞር አጠገብ በሚገኘው ዩኤምቢሲ 74 ለ 54 ተረታ። በወንዶች ውድድር 1ኛ ደረጃ ያለው ቡድን በ16ኛ ሲሸነፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። በቤኔት ሪከርድ ላይ የተመዘገበው እንደማንኛውም ሽንፈት አንድ ነው። በዓመቱ እኚሁ አሰልጣኝ ቴክሳስ ቴክን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ፤ ስድስት ድል ተጨመረላቸው።

በመጨረሻም የሚሰረዝ ድል አለ። የሪክ ፒቲኖ ሉዊቪል በ2013 ፍጻሜ ሚሺጋንን 82 ለ 76 አሸንፎ ነበር። በኋላ ለተጫዋቾችና ለምልምሎች ሕገወጥ ጥቅም መሰጠቱ በምርመራ ስለተረጋገጠ፣ በ2018 ዋንጫው ተሰረዘ። የተሰረዘ ድል ወደ ሽንፈት አይለወጥም፤ ከአሰልጣኙ ሪከርድ ላይ ይነሳል እንጂ ለተሸናፊውም አይሰጥም። የሚሺጋን ሽንፈት ዛሬም እንደ ሽንፈት ተመዝግቦ አለ፤ የዚያ ዓመት የሻምፒዮን ቦታ ግን ባዶ ነው።